ዘጠና ግራም ቆስጣ በኩባያ

በየቤተሰቡ በግምት የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ጨው ትንሽ ጨምር ቢሉት ትንሽ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት አክስቴ ናቸው፤ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አርባ ዓመት መድኃኒት ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ የወጡ።

አክስቴ ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ጥያቄ አለቻቸው፤ "ጥሬውን ነው የበሰለውን?" ጎረቤት ግማሽ ኪሎ ካሮት ገዛሁ ሲላቸው ይህችኑ ይጠይቃሉ። የአጎቴ ልጅ እጮኛዋን ስታስተዋውቃቸው ምስኪኑ ስለ ወደፊት ዕቅዱ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራላቸው። በመጨረሻ የጠየቁት ያችኑ ነው። ልጁ እስከ ዛሬ ሲያያቸው ይደነግጣል።

ባለፈው ወር አባቴ የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ቤት ሲመለስ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። "ለምሳ፦ የበሰለ አትክልት፣ ዘጠና ግራም" ይላል። ዘጠና ግራም ስንት ማንኪያ እንደሆነ ማን ያውቃል? አባቴ እንዳያበዛ ፈርቶ ጭራሽ ተወው። ስድስት ቀን በነጭ ሩዝና በሻይ ከረመ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። እኔ ደፍሬ ብላ ማለት ስለማልችል ሳህኑን አቀርባለሁ፣ ሳህኑን መልሼ አነሳለሁ።

በሰባተኛው ቀን አክስቴ የወጥ ቤት ሚዛናቸውን በፎጣ ጠቅልለው ከተፍ አሉ። በመንገዳቸው ሁለት ትልልቅ እስር ቆስጣ ገዝተዋል። ሻጩ ድግስ አለ እንዴ ቢላቸው፣ የለም፣ የአንድ ሰው ምሳ ነው ብለውታል። አላመናቸውም። ድስቱ ውስጥ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ቅጠል እፍኝ የማይሞላ ሆነ።

ረፋዱን ሙሉ ቀቀሉ፣ አጠለሉ፣ መዘኑ፣ ከዚያ ወደ አንድ ኩባያ ገለበጡ። ዘጠና ግራም ቆስጣ ግማሽ ኩባያ ሆነ። ዱባው ተደፍጥጦ ከግማሽ በታች ወረደ። ካሮቱ ከግማሽ ትንሽ አለፈ። "ትንሽ" ብዬ ስጽፍ አይተው አሰረዙኝና በኩባያው ላይ ለእያንዳንዱ አትክልት በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አሰመሩበት። ጥቅል ጎመኑ ላይ ስንደርስ ይጠቅጠቅ አይጠቅጠቅ የሚል ክርክር ከራሳቸው ጋር ገጠሙ። ሦስት ጊዜ ሰፈሩት።

"እትዬ፣" አለ አባቴ ከአልጋው፣ "ጎመኑ ከእኔ በላይ ተመረመረ እኮ።"

እኔም እንደምንም ደፍሬ፣ ሚዛኑን ትተውልን ቢሄዱ አይቀልም ወይ አልኳቸው። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አርባ ዓመት የመዘንኩትን ሁሉ ሰው ፊቱን አጨማዶ ነው የዋጠው። ሚዛን ላይ ሲወጣ ያየውን ነገር ወንድሜ መድኃኒት ነው ብሎ ነው የሚበላው። በኩባያ ስትሰፍሪለት ግን ምሳ ነው፣ የኔ ልጅ።"

ሚዛኑን መልሰው በፎጣው ጠቀለሉት። ቆስጣውን እስከ ራሱ መስመር ሞልቼ ሳህን ላይ ገለበጥኩና ለአባቴ አቀረብኩለት። ሳህኑን ዞር ዞር አድርጎ አየው።

"ይኼ ብቻ?" አለ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲፈራ የከረመው ሰው።

ማንኪያውን አነሳ። ክብርት አክስቴ በዕድሜያቸው አንድም ነገር ሳይቆጥሩ አልፈው አያውቁም። ያን ጊዜ ግን ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ወንድማቸው ሳህኑን ጠርጎ እስኪጨርስ ድረስ ውጭ ውጭውን ሲያዩ ቆዩ።