ሾፌሩን ማናገር ክልክል ነው

[የጭነት መኪና ጋቢና። መሪውን የያዘው አንቀጽ ነው፤ ሕግ ሳይጠቅስ ሰላም ስለማይል ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ከጎኑ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ቀሴ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የመገናኛ ሬዲዮ በሁለት እጁ እንደ እንቁላል ይዞ ተቀምጧል። የጫኑት፣ ቤት የሚቀይሩትን የአንቀጽን አማት ዕቃ ነው። አማትየውና አኩርፋ እናቷ ቤት የገባችው የአንቀጽ ሚስት፣ ሌላ ሬዲዮ ይዘው በትንሽ መኪና ከኋላ ይከተላሉ።]

ቀሴ፦ እኔ እኮ ያልኩት፣ ትራፊክ ካየን ስልክ መስሎት ይይዘናል ነው።

አንቀጽ፦ ስልክ ይጠራል?

ቀሴ፦ ይጠራል።

አንቀጽ፦ ይሄ ሲጠራ ሰምተሃል?

ቀሴ፦ አልሰማሁም።

አንቀጽ፦ አለቀ! ሕጉ የሚከለክለው እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ መያዝ ነው። ሬዲዮ የሚል ቃል የለበትም። ቢኖርበትስ፣ የያዝኩት እኔ ነኝ?

ቀሴ፦ እኔ ነኝ።

አንቀጽ፦ የምታሽከረክረው አንተ ነህ?

ቀሴ፦ እኔ ብስክሌትም አልችል።

አንቀጽ፦ ታዲያ ሕጉ ማንን ይይዛል? ያዥው አይነዳ፣ ነጂው አልያዘ! እጄ መሪ ላይ፣ ዓይኔ መንገድ ላይ፣ አፌ ነፃ።

ቀሴ፦ አፍህስ መቼ ታስሮ ያውቃል ጋሼ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይላሉ። ራሱን እንኳ እኔ ሳስተካክልህ አየዋለሁ።

አንቀጽ፦ ራሴ ምን ሆነ?

ቀሴ፦ ምንም። ከኋላ ነው፣ አንተ አታየውም። ይልቅ ሬዲዮው ምን ያደርግልናል? ሴቶቹ እኮ እዚሁ ከኋላችን ናቸው።

አንቀጽ፦ እህትህ ከቤቴ ስትወጣ ምን ብላ ነው የወጣችው?

ቀሴ፦ «አያዳምጠኝም» ብላ።

አንቀጽ፦ እማማስ ምን አሉ?

ቀሴ፦ «ዕቃዬን ደህና ያድርስልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው የሚለውን ይስማ፤ ከዚያ ልጄን በእጄ ይዤ እመልስለታለሁ።»

አንቀጽ፦ ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ሁለት ሬዲዮ ተውሼ መጣሁ። ዛሬ የሚሉት አንዲት ቃል አታመልጠኝም። በመሣሪያ ታግዞ ሚስቱን የሚያዳምጥ ባል በየት አገር አለ?

ቀሴ፦ ማዳመጫው ግን እኔ ጆሮ ላይ ነው።

አንቀጽ፦ ይሄ ደግሞ ለጥንቃቄ ነው። የሾፌር ጆሮ ሥራ አለበት።

[ከማዳመጫው የሴት ጩኸት ይሾልካል።]

ቀሴ፦ ጋሼ፣ እማዬ ናት። የኋላው መዝጊያ፣ ስፖንዳው...

አንቀጽ፦ ቆይ! አሁን ምን አደረግክ?

ቀሴ፦ ስፖንዳው ልልህ ነበር...

አንቀጽ፦ ሾፌር አናገርክ! በዓይኔ መንገድ እያየሁ፣ በጆሮዬ አንተን እየሰማሁ፣ በልቤ ስፖንዳ ሳስብ፣ መኪናውን ማን ይነዳዋል? ሐሳብ መበተን የሚባለው ይሄ ነው። አንተ የሰው ጢም ስትላጭ ታወራለህ?

ቀሴ፦ ምላጩ አንገቱ ላይ ከሆነ አላወራም።

አንቀጽ፦ እኔም አሁን አስፋልቱን እየላጨሁ ነው። ደንቡን ልንገርህ፦ መልእክት ሲመጣ አዝራሩን ትጫንና «መልእክት ደርሷል» ትላለህ። እኔን የምታናግረኝ ስጠይቅህ ብቻ።

ቀሴ፦ [ተጭኖ] እማዬ፣ መልእክት ደርሷል። [ያዳምጣል] «እሰይ፣ ታዲያ ምነው አያቆምም?» ትላለች።

አንቀጽ፦ ጠየቅኩህ?

ቀሴ፦ አልጠየቅከኝም።

[መኪናው ጉድባ ላይ ይነጥራል። ከኋላ የሆነ ነገር ድም ይላል። ማዳመጫው እንደገና ይጮኻል።]

ቀሴ፦ [ወደ ሬዲዮው] ፍራሹ? እሺ። እሺ እማዬ፣ አትጩኺ። መልእክት ደርሷል።

አንቀጽ፦ ፍራሹ ምን ሆነ? ይኸው ጠየቅኩህ። ባጭሩ!

ቀሴ፦ ፍራሹ አስፋልቱ...

አንቀጽ፦ ገባኝ። አስፋልቱ አቧራ አለው፣ ፍራሹን እንዳያቆሽሸው ፈርተዋል። የአማት ነገር! ሸራ አልብሼዋለሁ በላቸው።

ቀሴ፦ እማዬ፣ ሸራ ለብሷል ይልሻል። [ማዳመጫውን ከጆሮው አራቅ ያደርጋል] ጋሼ፣ ሸራውም...

አንቀጽ፦ ሸራውም ጥሩ ነው አሉ! አየህ፣ ሰው እንዲህ ነው፤ ሲያስረዱት ይረጋጋል። ዕቃውን የጫንኩት እኔ፣ ገመዱን ያሰርኩት እኔ። ጠዋት ወዲህ ስል ወዲያ ስል፣ እየተሯሯጥኩ...

ቀሴ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንቀጽ፦ ምን አልክ?

ቀሴ፦ ለራሴ ነው።

አንቀጽ፦ ለራስህም አታውራ፣ ይሰማኛል። ኧረ ትራፊክ! ሬዲዮውን አትደብቅ፤ የሚደብቅ ጥፋተኛ ነው። እኔን እይ። [ሁለቱንም እጁን ከመሪው አንሥቶ በመስኮቱ በኩል ያውለበልባል።]

ቀሴ፦ ጋሼ፣ መሪው! መሪው!

አንቀጽ፦ ስልክ እንዳልያዝኩ ይይልኛ! ባዶ እጅ፣ ንጹሕ ሕሊና።

[ከኋላ ከባድ ነገር ይንኮታኮታል። መኪናው ወደ ጠርዝ ሄዶ ይመለሳል።]

ቀሴ፦ ፊሽካ እየነፋ ነው እኮ።

አንቀጽ፦ ለአድናቆት ነው።

ቀሴ፦ በጣቱም ወደ ኋላችን እያመለከተ ነው።

አንቀጽ፦ ለሌሎቹ ሾፌሮች ነዋ! «ከዚህ ሰውዬ ተማሩ» ማለቱ ነው።

ቀሴ፦ መንገደኛውም እጁን ያወናጭፋል።

አንቀጽ፦ ሰላም በላቸው። አንቴና ያለው ሬዲዮ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ አይታይም፤ ሹም መስለናቸው ይሆናል።

ቀሴ፦ አንዱ ደግሞ ወንበር ተሸክሞ ከኋላችን ይሮጣል።

አንቀጽ፦ ታዲያ ቤት የሚቀይሩት እማማ ብቻ መሰሉህ? ድሀ ነው፣ መኪና አላገኘም። አሁን ይልቅ ይቺን መኪና አስተውላት። ስንነሣ ዳገቱ ላይ ታቃስት ነበር። አሁን ግን እንደ ሚዳቋ ነው የምትፈናጠረው! ምን አደረግኳት መሰለህ?

ቀሴ፦ አቀለልካት።

አንቀጽ፦ በማርሽ ነው! ማርሽ አቀያየር ማወቅ ማለት ይሄ ነው።

[ማዳመጫው ውስጥ አሁን ሌላ፣ ረጋ ያለ ድምፅ አለ። ቀሴ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል።]

ቀሴ፦ ጋሼ፣ ይሄኛውን እንኳ ጠይቀኝ። እማዬ አይደለችም። እትዬ ናት።

አንቀጽ፦ [ድምፁ ይለሰልሳል] እሷ ራሷ? ካኮረፈች ወዲህ እንዲህ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ምን አለች?

ቀሴ፦ ቁም ነገር ነው ያለችው። «አንድ ጊዜ...»

አንቀጽ፦ ተወው፣ ተወው፣ እኔ ልንገርህ። ስንት ዘመን አብረን ኖረን፣ እኔ እኮ ሳትናገር ነው የምሰማት! «አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» ብላለች። አይደለም?

ቀሴ፦ አይደለም።

አንቀጽ፦ ፊት ለፊት አልወጣላትም ማለት ነው፤ ኩሩ ናት። ቤቱ ስንደርስ እቀበላታለሁ። አሁን ግን የሬዲዮ መስመር ለፍቅር ወሬ አይደለም፤ አደጋ ቢኖር የሚያስፈልግ ሰው ይኖራል። መስመሩን ልቀቁ በላቸው።

ቀሴ፦ እርግጠኛ ነህ?

አንቀጽ፦ ሕግ ነው!

ቀሴ፦ [ተጭኖ፣ በሐዘን] እትዬ፣ መልእክት ደርሷል። መስመሩን ልቀቁ ይላችኋል።

[መኪናው ጥቂት ሄዶ አንድ አዲስ ቀለም የተቀባ በር ፊት ይቆማል።]

አንቀጽ፦ ደረስን! ሞተር ጠፍቷል፣ የእጅ ፍሬን ተስቧል። አሁን ሾፌር አይደለሁም፣ ሰው ነኝ። እነሱ ምነው ዘገዩ? በል ተናገር፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ።

ቀሴ፦ መጀመሪያ ስፖንዳው ተከፈተ።

አንቀጽ፦ የየትኛው መኪና?

ቀሴ፦ የኛው ነዋ። ከዚያ ፍራሹ አስፋልት ላይ ወደቀ። ከዚያ ሸራውም። ከዚያ ወንበሮቹ ተራ በተራ። ቁም ሣጥኑ ጨዋ ነው፣ እስከ ትራፊኩ ድረስ ታግሦ ነበር። አንተ እጅህን ስታውለበልብ ግን እሱም ተሰናበተን።

[አንቀጽ ዘሎ ይወርዳል። መኪናውን ዞሮ ያያል። ተመልሶ ጋቢና ገብቶ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል።]

አንቀጽ፦ መጥረጊያ ብቻ ነው ያለው።

ቀሴ፦ መጥረጊያውማ የመኪናው ነው።

አንቀጽ፦ አንተ የሰው ጠላት! ለምን አልነገርከኝም?

ቀሴ፦ ነገርኩህ። «ጠየቅኩህ?» አልከኝ። ስትጠይቀኝ ደግሞ መልሱን ራስህ መለስከው።

አንቀጽ፦ ያቺ ቁም ሣጥን እኮ እማማ የተዳሩባት ናት። ወይኔ! እህትህስ... እህትህ ምን ነበር ያለችው?

ቀሴ፦ ልጨርሰው?

አንቀጽ፦ ጨርሰው፣ በፈጠረህ!

ቀሴ፦ «አንድ ጊዜ ያቁምና፣ ሳያቋርጠኝ ‹ምን አልሽ?› ብሎ ይጠይቀኝ። ይሄን ካደረገ ዕቃው ገደል ይግባ፣ ዛሬውኑ ቤቴ እገባለሁ።»

አንቀጽ፦ [ራሱን በሁለት እጁ ይዞ] እኔስ ምን አልኩ?

ቀሴ፦ መስመሩን ልቀቁ።

አንቀጽ፦ አፌ በተቆረጠ! አምጣ ሬዲዮውን፣ ማዳመጫውንም። መስኮቱን ዝጋ፣ ጩኸት እንዳይገባ። [አዝራሩን በአውራ ጣቱ አጥብቆ ይጫናል] እመቤቴ፣ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሕግም አልጠቅስ። አንቺ ከወጣሽ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ማታ ማታ ለግድግዳው አወራለሁ፤ ግድግዳው ደግሞ አንድም ቀን «ተሳስተሃል» አይለኝ። ናፍቀሽኛል። የእማማን ዕቃ ከያለበት በጀርባዬ ተሸክሜ እመልሳለሁ። ከእንግዲህ አላቋርጥሽም፣ ይኸው ዝም ብያለሁ። ምን አልሽ? [ዓይኑን ጨፍኖ፣ አዝራሩን እንደተጫነ ይጠብቃል።]

ቀሴ፦ ጋሼ...

አንቀጽ፦ እሽ!

ቀሴ፦ አውራ ጣትህን...

አንቀጽ፦ ቀሴ፣ ዝም በል! በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እያዳመጥኩ ነው።

ቀሴ፦ አዝራሩን ካልለቀቅከው የነሱ ድምፅ አይገባም እኮ። እኔ መንገዱን ሙሉ ተጭኜ ስናገር፣ ለቅቄ ስሰማ ነው የመጣሁት።

አንቀጽ፦ ልቀቅ ትለኛለህ? አሁን አግኝቻት? ጣቴ ቢደማ አልለቃትም!

[ትንሿ መኪና ከኋላቸው ትቆማለች። ሚስትየው ሬዲዮዋን እንደያዘች ወርዳ የአንቀጽን መስኮት ታንኳኳለች።]

ቀሴ፦ ጋሼ፣ መስኮቱ ላይ...

አንቀጽ፦ ትራፊክ ከሆነ ሞተር ጠፍቷል በለው።

ቀሴ፦ ትራፊክ አይደለም።

አንቀጽ፦ ማንም ይሁን፣ ቆይቶ ይምጣ!

[ሁለቱ ሬዲዮዎች ተቀራርበዋልና፣ የሚስትየው ሬዲዮ እጇ ውስጥ ሲጢጥ ብሎ ይጮኻል።]

አንቀጽ፦ [ዓይኑን እንደጨፈነ፣ በሹክሹክታ] ሰማህ? እያለቀሰች ነው። አልቅሺ የኔ እመቤት፣ ይውጣልሽ። የትም አልሄድም።

[ሚስትየው ደጋግማ ታንኳኳለች። በመጨረሻ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትንሽ ታየዋለች፤ ከዚያ መኪናውን ዞራ ወደ ቀሴ መስኮት ትመጣለች። ቀሴ መስተዋቱን ዝቅ ያደርጋል።]

ቀሴ፦ እትዬ፣ አትረብሺው፤ እያዳመጠሽ ነው።