የሯጭ ለቃሚዎች ማኅበር ገድል

ደሴታችን ትንሽ ናት። ከሰሜን ጫፍ የተነሣ ሯጭ ገና ላብ ሳይወጣው ደቡብ ጫፍ ይደርስና ባሕር ያጋጥመዋል፤ ዞሮ ከመመለስ ሌላ ምርጫ የለውም። ታላላቅ ሐሳቦችን ግን የቦታ ጥበት አያግዳቸውም። የምክር ቤታችን ፕሬዚዳንት ክቡር ኑሕ ማኒክ በዋና ከተማችን በማሌ ከተካሄደ ዐውደ ጥናት ሲመለሱ፣ የሰው ልጅ እየሮጠ ቆሻሻ መልቀም እንደሚችል የሚያስረዳውን እውቀት በፈጣን ጀልባ ይዘውልን መጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኛ ወይ እንሮጥ ነበር፣ ወይ እንለቅም ነበር። ሁለቱን ባንድ ጊዜ የመፈጸም አቅም በውስጣችን ተኝቶ መኖሩን ማንም አልነገረንም። እኔ ባሕር ማዶ ስማር ሰዎች ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ። እዚያ ግን መንገዱ ላይ ቆሻሻ ነበር።

ማኅበሩ ወዲያው ተቋቋመ። አረንጓዴ ካናቴራ ተሰፋ፣ ጨርቅ ላይ መፈክር ተጻፈ፣ ለፕሬዚዳንቱ ፊሽካ ተገዛ። በምሥረታው ዕለት ኑሕ ማኒክ ባደረጉት ንግግር፣ ጤናና ንጽሕና ተቀናጅተውና ተናበው ወደፊት የሚገሰግሱበት ምዕራፍ መከፈቱን አብሥረው፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ራሳቸው እንደማይሮጡ አስታወቁ።

ሕዝቡ ነቅሎ ወጥቶ የተመዘገበው ግን ለጤናው ብሎ አልነበረም። በየደሴቱ በሚቋቋሙት እንዲህ ባሉ ማኅበራት መካከል ውድድር ተዘጋጅቶ፣ ከማሌ የሚመጡ ዳኞች ለሚመርጡት ማኅበር ሽልማቱ የቆሻሻ ማመላለሻ ጀልባ ነበር። ጀልባ ደግሞ ያስፈልገናል። የድሮው ጀልባችን ሞተር ከተቃጠለ ወዲህ የደሴቱ ቆሻሻ ሁሉ ደቡብ ጫፍ ላይ እየተቆለለ፣ እየቆየ የሪፍጋን አጥር ነክቷል። ሪፍጋ ትልቅ ትንሹ ታላቅ እህት ብሎ «ዳታ» የሚላት፣ በአጥሯ ውስጥ ዓሣ ቀቅላ ወፍራም መረቁን በጠርሙስ እየሸጠች የምትኖር ሴት ናት። ከቁልሉ የሚነሣው ዝንብ ድስቷ ላይ መዋል ከጀመረ ወዲህ ደንበኞቿ እየቀሩ ነው። ባለሱቁ እንኳ ባለፈው የወሰደውን መረቅ መልሶላት፣ የገዛው ዓሣ ሆኖ ሳለ ክንፍ እንዳገኘበት በትሕትና ነግሯታል። ስለዚህ ከሁሉ ቀድማ ካናቴራውን በረጅም ቀሚሷ ላይ ያጠለቀችው እሷ ነበረች።

የመጀመሪያው ዓርብ ደረሰ። ፊሽካ ተነፋ። ሯጮች ከነከረጢታቸው ወጡ፣ ደቡብ ጫፍ ደረሱ፣ ተመለሱ። ከረጢቶቹ ባዶ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ዘንድ ሴቶች ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ደጃቸውንና ከደጃቸው ፊት ያለውን የአሸዋ መንገድ ይጠርጋሉ። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው አካል የለም፤ በዚህም ምክንያት በየትኛውም ሪፖርት ላይ ተጠቅሰው አያውቁም። ያን ዕለትም እንደ ልማዳቸው ጠርገው፣ ከዚያ ካናቴራቸውን ለብሰው፣ ራሳቸው የጠረጉት መንገድ ላይ ሊለቅሙ ሮጡ። የተገኘው አንድ የከረሜላ ልጣጭ ብቻ ሲሆን እሱንም ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሲበሉ የጣሉት ነው። ሁለት ሯጮች ባንድ ጊዜ ተወርውረውበት ተጋጩ። ማኅበሩ የመጀመሪያውን ጉዳተኛ መዘገበ።

በግምገማው ላይ ሪፍጋ እጇን አወጣች።

«ኑሕ ቤቤ፣ ቆሻሻ ከጠፋችሁ አጥሬ ሥር ኑ። ተራራ አለላችሁ።»

«ሪፍጋ፣ እሱ የተከማቸ ቆሻሻ ነው» አሉ ፕሬዚዳንቱ፣ «ቤቤ» የተባለ ታላቅ ወንድም በሚገባው ትዕግሥት። «እኛ የምንፈልገው የተበተነ ነው።»

«ልዩነቱ ምን ላይ ነው?»

«የተከማቸ ላይ አይሮጥም።»

ስብሰባው ይህን ማብራሪያ በጭብጨባ ተቀበለ። ቀጥሎም ዓርብ ዓርብ መጥረግ እንዲታገድ አቅጣጫ ተቀመጠ። ሴቶቹ እጃቸው እየበላቸው ታገሡ። መንገዱ ግን በቀጣዩ ዓርብ ያፈራው የዛፍ ቅጠል ብቻ ነበር፤ ቅጠል ደግሞ በውድድሩ ደንብ መሠረት ተፈጥሮ እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ዳኞቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀር ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ተሰብስቦ ታሪካዊውን ውሳኔ አሳለፈ። ከሪፍጋ አጥር ሥር ካለው ቁልል በቂ ቆሻሻ ወጥቶ፣ ፍትሐዊ ሥርጭትን በጠበቀ መልኩ በየሰፈሩ መንገድ ላይ እንዲበተን። ሰሜን ሰፈር የደረሰን ቆሻሻ ያንሳል ብሎ ቅሬታ አቀረበ፤ ተስተካከለለት።

ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠርግ የኖረች ሴት በትኝ ስትባል ምን ትል ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። ሪፍጋ ግን ወገቧን አሠረች።

«ጀልባዋ ትምጣልኝ እንጂ» አለችኝ፣ «ቤቴንም አፍርሼ እበትናለሁ።»

በውድድሩ ማለዳ ኑሕ ማኒክ ሊጎበኙ ወጥተው ክው አሉ። ሴቶቹ መበተኑን በትነዋል፤ እጃቸው ግን እምቢ ብሏቸዋል። ጠርሙስ ከጠርሙስ፣ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ጋር ተለይቶ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ሚዜ ተሰልፎ ቆሟል።

«ይሄ ደግሞ ለምን ያብረቀርቃል?» አሉ አንዱን ጠርሙስ አንሥተው።

«አለቅልቄው ነው» አለች ሪፍጋ። «ለእንግዳ አይደል እንዴ?»

ለማበላሸት ጊዜ አልነበረም፤ የዳኞቹ ጀልባ ደርሶ ነበር። ሩጫው ተካሄደ። ሯጮቻችን ሰልፉን በሰልፍ ለቀሙት። የዳኞቹ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሻዝና፣ በዚህ ሥራ ላይ በቆዩበት ዘመን እንዲህ ሥርዓት ያለው ቆሻሻ አይተው እንደማያውቁ መሰከሩ። ከዚያ የፈራነውን ጠየቁ።

«የተለቀመው ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ መጣበት» አሉ ኑሕ ማኒክ፣ አመለጣቸው። አፍረው በጣታቸው ቁልሉን አሳዩ።

ወይዘሮዋ ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው ተራራውን አዩ። «ወደ ውጭ የሚወጣ የለም ማለት ነው?»

«አንድም የለም» አሉ ፕሬዚዳንቱ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«ድንቅ ነው። ሌላው ደሴት ሁሉ ቆሻሻውን ለማን ልስጥ እያለ ነው የሚያስቸግረን። እናንተ ግን መቀበል ታውቃላችሁ።»

አሸነፍን። ጀልባዋ የምትደርስበት ቀን ሲነገረን ወደቡ ላይ ትልልቁ ከበሮ ወጣ፣ ሻይና ጣፋጩ ተዘጋጀ። ሪፍጋ ካናቴራዋን አጥባ ለብሳ ከፊት ቆመች። ድስቷን እንኳ እንደገና ፈትጋ አዘጋጅታ ነበር። ጀልባዋ ብቅ አለች። ከበሮው ቀለጠ። ባሕር ላይ ያደጉ ሽማግሌዎች ግን የሚያዩት የጀልባዋን ጎን ነበር። ጀልባዋ ውኃው ውስጥ ዝቅ ብላ ነበር የምትመጣው፤ ባዶ ጀልባ እንደዚያ አትሄድም።

የጀልባው መሪ ወጣት ነው። ገመዱን እንዳሠረ ከረጢት ማውረድ ጀመረ። ሽታው ከእሱ ቀድሞ ወርዷል።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አለችው ሪፍጋ።

«የጎረቤት ደሴቶች ቆሻሻ ነው፣ ዳታ። እነሱ ሯጭ የላቸውም። እናንተ ደግሞ የምትለቅሙት እንዳታጡ ተብሎ ነው።»

«እሺ። ስትመለስስ የኛን ትጭናለህ?»

«ባዶዬን ካልተመለስኩ ቀጣዩን በምን አመጣዋለሁ?»

ሪፍጋ ከረጢቶቹን በዓይኗ ቆጠረች። «እነዚያ ደሴቶች እንዴት ሆኑ አሁን?»

«ምን ይጠየቃል፣ ጸድተዋል። ዝንቡ ሳይቀር ከጭነቱ ጋር ነው የመጣው።»

በዚህ ጊዜ ኑሕ ማኒክ ንግግራቸውን ጀምረው ነበር። ደሴታችን በዘርፉ የልሕቀት ማዕከል ሆና መመረጧን፣ ይህም ከፍተኛ ኃላፊነት መሆኑን አብራርተው ወደ ምስጋናው ሲሻገሩ፣ ሪፍጋ ከቤቷ ተመለሰች። ድስቷን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ ነበር። እህቷ ያለችው ከእነዚያ ከጸዱት ደሴቶች ባንደኛው ነው። ካናቴራዋን አውልቃ አጥፋ በፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ጀልባዋ ላይ ወጣች። በሚቀጥለው ጉዞ ሦስት ጎረቤቶቿ ከነመጥረጊያቸው ተከተሏት፤ በዚያኛው ደግሞ ሌሎች።

ወሩ ሳያልቅ፣ አንድ ዓርብ ማለዳ፣ ማኅበራችን ከተመሠረተ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ያልበተነውና ማንም ያላለቀለቀው እውነተኛ ቆሻሻ መንገዱ ሁሉ ላይ ተገኘ። ኑሕ ማኒክ በደስታ ማሌ ደወሉ። ፕሮግራሙ ከእንግዲህ የውጭ ድጋፍ እንደማያስፈልገው አስታወቁ።