የፉርሽካው ቀብር

ዓለምን የሚያስቸግሯት ክፉ ሰዎች ናቸው የሚል ሰው ካጋጠመዎ፣ አክስት የለውም ማለት ነው! ክፉ ሰው ልክ አለው፤ ይደክመዋል፣ ይተኛል። ከልቡ የሚወድ ሰው ግን... እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

አክስቴ እትዬ ተዋበች ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ከእኔና ከሸጊቱ ጋር ይኖራሉ። ሸጊቱ ላም ናት፤ እኔ መጽሐፍ የማነብ የወንድማቸው ልጅ ነኝ። በአክስቴ ግምት ከሁለታችን ወተት የምትሰጠው ትበልጣለች። ፍርዱን አልቃወምም።

ክረምቱ ሲገባ የሸጊቱን መኖ፣ ፉርሽካውንም የኑግ ፋጉሎውንም፣ በጆንያ ሸምተው ከቤቱ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ደረደሩት። ወዲያው የሰው ዓይን አሰጋቸው። "ይህን ሁሉ ጆንያ ያየ ጎረቤት እንዲያው ያልፋል?" አሉና ከእንጦጦ ማርያም በጀሪካን ያስመጡትን ጸበል በየማለዳው ይረጩበት ጀመር። ጆንያው ላይ! በክረምት! በእንጦጦ ጭጋግ!

በፍልሰታ ጾም አንድ ጠዋት ጆንያ ላነሣላቸው ገባሁ። ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። አንዱን ስፈታው ፉርሽካው ጓል ሠርቶ፣ በላዩ አረንጓዴ ሻጋታ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎበታል።

"እትዬ! ይህን አይተውታል?"

አጎንብሰው አዩና ፊታቸው በራ። "አየህ? ለመለመ!"

"ሻግቶ ነው እንጂ!"

"አማትብ! ጸበል የነካው ነገር ይሻግታል?"

ሻጋታ መርዝ ሊያመነጭ እንደሚችል፣ መርዙም ከመኖው ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ወተቱ እንደሚተላለፍ በተቻለኝ ትሕትና አስረዳሁ።

"ወተቱን አፈላዋለኋ!"

"በመፍላት አይለቅም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ፉርሽካውን አራግፌ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ።"

"መርዙ ውስጡ ይቀራል። ደግሞስ በነሐሴ የትኛው ፀሐይ?"

ነገሩ ከቀልድ ያለፈው እዚህ ላይ ነው። ደንበኞቻችን ሁሉ ጾመኞች ስለሆኑ የሸጊቱን ወተት በዚያ ሰሞን የምትጠጣው አንዲት ነፍስ ብቻ ነበረች፤ ገና በዳዴ የምትሄደው የጎረቤታችን የአልማዝ ልጅ፣ ሶልያና።

"ታዲያ እኔ ልጅ መራዥ ነኝ?" አሉ አክስቴ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሮጬ የንስሐ አባታቸውን አባ ተክሌን ጠራሁ። በመንገድ ላይ ረጅም የሃይማኖት ሙግት አዘጋጅቼ ነበር፤ አባ ግን አንዱን ቃል እንኳ አልጠበቁም። ጆንያውን አሸተቱ፤ ደጋግመው አስነጠሱ።

"ተዋቡ፣ ጸበሉን ለማን ነው ያመጣሽው?"

"ለ... ለሸጊቱ ነበር፣ አባቴ።"

"እንግዲያው ጆንያ ክርስትና አይነሣም። ይቀበር!"

እንግዲህ በአጥር አሻግሮ የሚያይ ጎረቤት ነዎት እንበል። ምን ያያሉ? እኔ ጥቁር ካፖርቴን ለብሼ ጉድጓድ እቆፍራለሁ። አባ ጃንጥላ ዘርግተው፣ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። አክስቴ ደረታቸውን እየደቁ "ለክረምት ብዬ! ስንቱን ተመኝቼልህ!" ይላሉ። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ አንድ ረዘም ያለ፣ የታሰረ ጆንያ ተጋድሟል...

የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ!

ጉድጓዱ ሳይሞላ ድንኳኑ ደረሰ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ንፍሮውም ተከተለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው በጆሮዬ፦

"ማን ነው ያረፈው?"

"ፉርሽካ ነው፣ ጋሼ።"

ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ታሞ ነበር?"

"ሻግቶ ነበር።"

በዚህ መሐል አልማዝ ሶልያናን አዝላ፣ የወተት ዕቃዋን አንጠልጥላ እያለቀሰች ገባች። አክስቴ ሕፃኗን ሲያዩ ለቅሷቸው ቀጥ አለ። ወደ ቤት ገብተው የማለዳውን ወተት ከነማሰሮው አመጡና ራሳቸው ጉድጓዱ ውስጥ አንቆረቆሩት።

"አልሙ፣ ለላሚቱ ንጹሕ መኖ አብልቼ፣ ይኸው መጽሐፍ አንባቢው ደኅና ነው እስኪለኝ ድረስ ከእኔ ቤት ወተት አትውሰጂ። ለልጅቱ ከሌላ ቤት እኔው አመጣለሁ።"

አንገቴን ደፋሁ። ሹመቴ ግን በዚያው ጸደቀ፤ በድንኳኑ ሥር ስለ ሻጋታ ንግግር አደረግሁ። እንደዚያ ያለ ጸጥተኛ አድማጭ ማንም ምሁር አላገኘም! የለቀስተኛ ወግ ሆኖ ሁሉም አቀርቅሮ ሰማኝ። መኖ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ርቆ፣ ደርቆ ይቀመጥ ስል አንዲት እናት እንዲያውም ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

ሲመሽ ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ እግዜር ያጽናችሁ። ድንኳኑን እናንሣው?"

አክስቴ ወደ ቆርቆሮው ክፍል አየት አደረጉና እጃቸውን አወዛወዙ።

"ይቆይ እንጂ፣ ጋሼ! የፋጉሎውን ጆንያ ገና ፈትተን አላየነውም።"