የእሽቅድምድም ሞላና የእኔ ስለት

እናንተዬ፣ አሮጌ መኪና ይዞ እሽቅድምድም የሚያምረው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔማ ወልጄዋለሁ! በፍርሃት ልሞት ስል «ቀስ ብሎ እንዲነዳ አድርግልኝ» ብዬ ለጊዮርጊስ ጥላ ተሳልኩ። ልጄ ግን ይባስ ብሎ የውድድር መኪና ሞላ አስገጠመ።

«እማዬ፣ መሬት ይዛ እንድትሮጥ ዝቅ ያደርጋታል» አለኝ።

እውነትም ዝቅ አለች! ከፍኖተ ሰላም ተነስተን ጅጋ ስንገባ ሆዷ የአስፋልቱ ጉብታ ላይ ተቀመጠ። ገበያተኛው እየሳቀ ተሸክሞ አሻገረን።

«መኪናችሁ እንቁላል ታቀፈች እንዴ?» አሉን አንድ ሽማግሌ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ጉብታ እየፈራ እንደ ሙሽራ ያዘግማል። ታዲያ ይህ ዕቃ ለመንገዳችን ይጠቅማል ወይ ብትሉኝ፣ ለእናት በጣም ይጠቅማል። ጥላውን ሳስገባ የንስሐ አባቴ «ያሰብሽው ሞላልሽ?» ቢሉኝ፣ «ኧረ በሞላው ነው የሞላልኝ፣ አባቴ!» አልኳቸው።