ሳይጠየቅ ወረቀቱን የሚያወጣ ሰው

ሳይጠየቅ ወረቀቱን የሚያወጣ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ደቡብ አፍሪካ፣ አሌክሳንድራ በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ሱቅ ያለው ወዳጄ ኤርሚያስ እንዲህ ነው። የደንብ ልብስ ካየ፣ የለበሰው ጠራጊ ቢሆንም፣ እጁ ወደ ኪሱ ይሮጣል። ምን ይፈረድበታል? ለዚያች የጥገኝነት ወረቀት ስንት ዓመት ተሰልፏል!

አንድ ረቡዕ ጆሃንስበርግ መሃል ያለውን የድሮ ምሽግ ልናይ ሄድን። ቀድሞ እስር ቤት የነበረው ግቢ ዛሬ የአገሪቱ ትልቁ ፍርድ ቤት ያለበት ነው። የፍርድ ቤቱ በር ላይ ኤርሚያስ ወረቀቱን ለሴኩሪቲዋ ዘረጋላት።

«ወንድሜ፣ ማን ጠየቀህ?» አለችው እየሳቀች። «ችሎቱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ግባ።»

ገብተን ተቀመጥን። ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ ለሁለታችንም አልገባንም። ከአንድ ሰዓት በኋላ «እንሂድ» ብለው እንቢ አለኝ።

«ትንሽ እንቆይ» አለ በሹክሹክታ። «መንግሥት ቤት ገብቼ ማንም ሳይቆጣኝ ስቀመጥ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»