የተጋደመው ማማ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1889 ዓ.ም. የሰው ልጅ ወደ ላይ የወጣበት ታላቅ ዓመት እንደ ነበረ ማንም አይክድም። ፓሪሶች ሦስት መቶ ሜትር የብረት ማማ አቁመው የዓለምን ሕዝብ ሰማይ ሰማይ አሳዩት። ብራዚሎች ንጉሠ ነገሥታቸውን በመርከብ ሸኝተው ሪፐብሊክ ሆኑ። አንዲት የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥላ ዓለምን ልትዞር ተነሣች። በአንዲስ ተራሮች ጉያ ያለችው ከተማችንም ከዓለም አልተለየችም፤ በመጋቢት ድልድይዋን ጎርፍ ወሰደባት።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ዶን ኤቫሪስቶ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው አለቃ ያለውን ሁሉ ከአለቃው አሳምረው በመጻፍ የታወቁ፣ «አይሆንም» የሚለውን ቃል ግን አንድም ቀን ብዕራቸው ያልነካው ሰው ነበሩ። በዚያ ኅዳር ግን እንቅልፍ አጡ። አንዲት ልጃቸው ፊሎሜና ወንዝ ማዶ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ የምትወልደው በየካቲት ነው። የከተማዋ ብቸኛ አዋላጅ፣ አሮጊቷ ዶኛ ትራንሲቶ የሚኖሩት ደግሞ ከወንዙ ወዲህ ነው። የካቲት በእኛ አገር የዝናብ ወር ነውና ያ ወንዝ ያን ጊዜ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ደግነቱ ለአዲሱ ድልድይ የተሰነጠቀው ሳንቃ በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ተከምሮ ነበር፤ የቀረው ወስዶ መምታት ብቻ ነው።

በዚህ መሐል ከዋናው ከተማ ደብዳቤ መጣ። እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት በዓመቱ ውስጥ ለሰው ልጅ ሥልጣኔ ያበረከተውን ዘርዝሮ እንዲልክ፣ በልጦ የተገኘውንም ከተማ ሚኒስትሩ በአካል ተገኝተው እንደሚጎበኙ ይገልጻል። ከንቲባው ዶን ካሲሚሮ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡትና ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«እኛ ምን አለን?»

«ድልድዩ አለ ክቡር ከንቲባ። ሳንቃው ተዘጋጅቷል፤ በሁለት ሳምንት…»

«ድልድይ?» አሉ ከንቲባው ከልባቸው እያዘኑ። «ፓሪስ ማማ ስታቆም እኛ ድልድይ? ድልድይማ ድሮም ነበረን። የነበረ ነገር መመለስ ስኬት አይባልም። በል ጻፍ፤ ማማ።»

ዶን ኤቫሪስቶ ጻፉ። ያውም አሳምረው ነው የጻፉት። «ከአግድም ኑሮ ወደ ቀጥ ያለ ራእይ መሸጋገር» የሚለውን ሐረግ ያፈለቁት እሳቸው ናቸው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ አደባባዩ መሐል በድልድዩ ሳንቃ የተሠራ አሥራ አራት ሜትር ማማ ቆመ። ከፓሪሱ የሚያንሰው በቁመት ብቻ መሆኑን ከንቲባው በምርቃቱ ዕለት አስረድተዋል። ጫፉ ላይ የወጣ ሰው ድልድዩ የነበረበትን ቦታ ጥርት አድርጎ ያያል። ሪፖርቱም በዚያው ሳምንት ተላከ።

ዶኛ ትራንሲቶ ወደ ገበያ ሲያልፉ ቆም ብለው ወደ ላይ አዩት። «ኤቫሪስቶ፣ ልጅህ ስታምጥ እዚያ ላይ ወጥቼ ነው አይዞሽ የምላት?»

ዶን ኤቫሪስቶ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው ብለው መለሱላቸው። ቤታቸው ገብተው በራቸውን ሲዘጉ ግን አፈሩ፤ እንደ ልጅም አለቀሱ።

እንደሚታወቀው በከተማችን በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ አሮጌው ዓመት ይሰናበታል። ገለባ የተጠቀጠቀበት አሻንጉሊት ኮት ለብሶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጺማቸውን ያልተላጩ ወንዶች ጥቁር ቀሚስ አጥልቀው መበለቶቹ ነን እያሉ ያለቅሱለታል፤ ከመቃጠሉ በፊትም ኑዛዜው ይነበባል። ኑዛዜውን ማን እንደሚጽፈው አይታወቅም ይባላል። ሟቹ ያወረሰውን የከለከለ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ በሄደበት ሁሉ መበለቶቹ እየጮኹ ይከተሉታል። አንድ ዳኛ በዚሁ ሰበብ ከተማ ለቅቀው መሄዳቸውን ከንቲባው በዓይናቸው አይተዋል።

የዚያ ዓመት ኑዛዜ እጅግ ባማረ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ ነበር። «እኔ አሮጌው 1889፣ ሆዴን ገለባ፣ ጭንቅላቴን ስኬት እንደ ሞላው፣ ጥርሴን ለቄሱ፣ ኮቴን ለባለ ሱቁ፣ ማማዬን ለወንዙ አውርሻለሁ። ሲቆም ሰንብቶ ደክሞታልና ይጋደም።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጺማሞቹ መበለቶች ወደ ከንቲባው ዞረው ገና አንድ ጊዜ ዋይ ሲሉ፣ ከንቲባው «ይሁን፣ ይሁን» አሉ። በሳምንቱ ሳንቃው ከማማው ወርዶ ወንዙ ላይ ድልድይ ሆኖ ተመታ።

ሪፖርቱ ግን ቀድሞ ሄዷል። በጥር መጨረሻ ሚኒስትሩ ማማውን ሊጎበኙ እንደሚመጡ የሚገልጽ መልስ ደረሰ። ከንቲባው አናጢዎች አስከትለው ድልድዩን ሊያስነቅሉ ወረዱ። ያን ጊዜ ዶን ኤቫሪስቶ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃቸው ፊት ተገተሩ።

«ክቡር ከንቲባ፣ ማማው አልፈረሰም እኮ። ተጋደመ እንጂ። የፓሪሱ ላይ ለመውጣት ጉልበት ያስፈልጋል፤ የእኛ ላይ አሮጊትም አህያም ይወጣል።»

ከንቲባው አናጢዎቹን በእጃቸው አቆሙ። «ዓለም ላይ ሌላ የተጋደመ አለ?»

«የለም።»

«በል ጻፈው።»

ሚኒስትሩ በየካቲት አጋማሽ፣ ወንዙ ሞልቶ ዝናብ ሲያካፋ መጡ። ድልድዩ መሐል ምንጣፍ ተነጠፈላቸው። ንግግሩን የጻፉት ዶን ኤቫሪስቶ ነበሩ፤ ከሚኒስትሩ ጎን ቆመውም ጃንጥላ ይይዛሉ። ሚኒስትሩ የዓመቱን የዓለም ስኬቶች አንድ በአንድ እየዘረዘሩ ገና ብራዚል ሲደርሱ፣ የፊሎሜና ባል በማዶ እየሮጠ መጥቶ ምጥ እንደ ያዛት ጮኾ ተናገረ። ዶኛ ትራንሲቶ የማዋለጃ ዕቃ ጥቅልላቸውን አንሥተው ድልድዩ አፍ ላይ ደረሱ። ወታደሩ ጠመንጃውን አጋደመባቸው።

«እናቴ፣ ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ማለፍ ክልክል ነው።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አሥራ ስምንት ገጽ ነው አሉ።»

አሥራ ስምንት እንደ ሆነ ዶን ኤቫሪስቶ ያውቃሉ። የተነበበው ደግሞ አራቱ ነው። ጎንበስ ብለው አዋላጇ ብቻ እንዲያልፉ ከንቲባውን በጆሯቸው ለመኗቸው።

«ልጅ በየቀኑ ይወለዳል» አሉ ከንቲባው ሳይዞሩ። «ሚኒስትር ግን በየቀኑ አይመጣም።»

ዶኛ ትራንሲቶ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጥቅልላቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ውሃው እስከ ጡታቸው መጣ። ልክ በድልድዩ ሥር ሲያልፉ ሚኒስትሩ ገጽ አምስትን ገልጠው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህች ምድር የአንዲትም እናት እግር ውሃ አይነካውም።» ጭብጨባው ቀለጠ። ዶን ኤቫሪስቶ ጃንጥላውን ለከንቲባው አስጨብጠው፣ ከነጫማቸው ከነኮታቸው ወንዙ ውስጥ ወርደው የአሮጊቷን ክንድ ያዙ።

ፊሎሜና ከመምሸቱ በፊት ጤነኛ ሴት ልጅ ተገላገለች። የዕለቱ ቃለ ጉባኤ ስለ እሷ ምንም አይልም። ሥነ ሥርዓቱ በደመቀ ሁኔታ መጠናቀቁን፣ ድልድዩ ከተመረቀ ወዲህ አንድም ሰው ወንዙን በእግሩ አለመሻገሩን፣ ጸሐፊው ዶን ኤቫሪስቶም በሥራ ሰዓት እርጥብ ሆነው በመገኘታቸው ከሥራ መሰናበታቸውን ግን በዝርዝር መዝግቧል።