ሊቀ ሽቦና ሁለቱ ቤቶቼ

አማቼ ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል። በቀኝ እጃቸው ካቻቢቴ ያዞራሉ፤ በግራ እጃቸው የሚወጣውን ብሎን እየተቀበሉ ከንፈራቸው መሀል ይሰካሉ። እየፈቱት ያለው የመኝታ ቤቴን ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው አልተበላሸም። ሲጫኑት ያበራል፣ መልሰው ሲጫኑት ያጠፋል፤ ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግ እንደሚጠበቅበት እኔ አላውቅም።

በየቤተሰቡ ያልተበላሸ ነገር የሚጠግን አንድ ሰው አለ። የሌለበት ቤተሰብ ካለ ገና አልተወለደም ማለት ነው። ይህ ሰው የተበላሸ ነገር ሲሰጡት ያዛጋል። ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ ግን እጁን ይበላዋል። የሚያፈስ ቧንቧ ካላችሁ እሱን መጥራት ድካም ነው፤ የማያፈስ ቧንቧ ካላችሁ ደግሞ ደብቁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴትዮ የዚህ ሰው ዘመድ ሳትሆን አትቀርም።

የእኔው ጠጋኝ ልጄን ያገቡት ናቸው። በአንድ ማሠልጠኛ ውስጥ የኔትወርክ ዝርጋታ ያስተምራሉ። ፊት ለፊት አንተ እላቸዋለሁ፤ እዚህ ግን ለሥራቸው ስፋት ስል ሊቀ ሽቦ የሚል ማዕረግ ሰጥቼ አንቱ ብያቸዋለሁ። እሳቸው ራሳቸው ሽቦ አይወዱም። ዘመኑ የሽቦ አልባ ነው ይላሉ። በሽቦ አልባው ቤቴ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የተጠላለፈውን ሽቦ ያየ ግን ድመት ክር ስትጫወት የዋለች ይመስለዋል።

ነገሩ የተጀመረው እኔ የወደቅሁ ጊዜ ነው። አንድ ማለዳ ሳይነጋ ወደ መታጠቢያ ቤት ስሄድ፣ ኮሪደሩ ላይ በጨለማ ማብሪያውን ስዳብስ አዳለጠኝ። ክንዴ ተጎዳ፤ ክንዴ ዳነ። ልጄ ግን አልዳነችም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታቸው አንድ ክፍል አስለቀቀች፣ አልጋ ዘረጋች፣ የምወደውን ቀለም አስታውሳ መጋረጃ ሰቀለችበት። እንዲህ በደግነት የመጣን ነገር እንዴት አድርጎ ሰው ይመልሳል? እኔ የምፈልገው በቤቴ መኖር ነው። የትኛው የወለል ጣውላ እንደሚንቋቋ አውቃለሁ፤ ፀሐይ በየትኛው ሰዓት የትኛው ወንበር ላይ እንደምታርፍ አውቃለሁ። ይህን ለልጄ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁልጊዜም የወጣው “እሺ” ብቻ ነው። በመጨረሻ ክረምቱ እስኪወጣ ታገሰችኝ። እስከዚያ ቤቱ የሚያስተማምን ካልሆነ ዕቃዬን እንደምንጠቀልል ነግራኝ ሄደች። በማግሥቱ ሊቀ ሽቦ ካርቶን ተሸክመው ደረሱ።

እኔም በልቤ፣ ዕቃ አስጠቅላዩ መጣ አልኩ። ቤቱ እንደማያስተማምን ማስረጃ ሊሰበስቡ የተላኩ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ያየሁት በዚህ ዐይን ነው፤ ያደረጉትም ነገር ይህን ዐይን የሚያስቀይር አልነበረም።

የሊቀ ሽቦ አሠራር እንዲህ ነው። አንድም ነገር በእውነተኛው ቤት አይጀምሩም። መጀመሪያ ኮምፒውተራቸው ውስጥ የማስመሰያ ቤት ይሠራሉ። ክፍሉን ይከፍላሉ፣ ራውተሩን ያስቀምጣሉ፣ አምፖሉን፣ መጋረጃውን፣ የበሩን ቁልፍ በየቦታው ያደርጋሉ፤ ከዚያ ሁሉንም በስልክ እንዲታዘዝ ያገናኙታል። ተማሪዎቻቸውም የሚለማመዱት እንዲሁ ነው። በዚያ ቤት መብራት አይቋረጥም። ዋይፋዩ ወፍራም ግድግዳ አይፈራም። አቧራ የለም፣ እርጥበት የለም፣ ሶኬት ነቅላ ካውያ የምትሰካ አሮጊትም የለችም። ታዲያ እዚያ የማይሠራ ነገር ምን አለ? እዚህ የእኔ ቤት ውስጥ እንቢ ሲላቸው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ያዞሩና “እዚያ ሠርቷል እኮ፣ እማማ” ይሉኛል፤ እኔ እዚያ የምኖር ይመስል።

የመጀመሪያው አምፖል የተገጠመ ዕለት መጽሐፌን ይዤ ተቀመጥኩ። አምፖሉ አይበራም። ደወልኩላቸው። አምፖሉ ራሱን እያደሰ ስለሆነ ትንሽ እንድታገስ አዘዙኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ራሴን አድሼ አላውቅም። አምፖል ምን የሚያድሰው ነገር አለው? ግን ያልኩት “እሺ ልጄ” ነው።

ቀጥሎ ድምፅ የሚሰማው መጣ። መብራቱን በአንደበቴ እንዳዝ ታሰበ። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። ሱቅ ስሄድ እንኳ ባለሱቁ ሌላውን ሁሉ ሸኝቶ ነው የሚያየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ላይ ጮኼ የማላውቅ ሴት መብራት ላይ እንድጮህ ተፈረደብኝ። በቀስታ “አጥፋ” አልኩ፤ ዝም። ከፍ አድርጌ “አጥፋ” አልኩ፤ ዝም። በመጨረሻ ቆሜ “አጥፋ ብዬሃለሁ” ስል፣ ፊት ለፊቴ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከች አለች። ዐይኗ ክፍሉን ዞረ፤ ከአልጋው ሥር ሁሉ ያየች መሰለኝ።

“እትዬ፣ ማነው ሰውየው?” አለችኝ።

አምፖል ነው ብላት አላመነችኝም። ይኸው እስካሁን ሳገኛት ፈገግ ትላለች።

የፍሪጁ ግን ደሜን አፈላው። በሩ ላይ ጣት የምታህል፣ ሲከፈት ለልጄ ስልክ የምታሳብቅ ነገር ለጠፉ። እኔ በሩን ከፍቼ መደርደሪያዎቹን በሳሙና ሳጥብ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት፤ ፍሪጁን ከፍቼ የረሳሁት መስሏት ነው። አለመርሳቴን አስረዳኋት። ስዘጋው ደግሞ ደወለች፤ አሁን ደህና ነሽ ወይ ለማለት። ሰው በገዛ ፍሪጁ እንዲህ ይጠየቃል? አርባ ዓመት ከባሌ ጋር ስኖር ለምን ፍሪጅ ከፈትሽ ተብዬ አላውቅም። አልሸሹም ዞር አሉ አልኩ፤ አምስተኛ ፎቅ ባልወጣም አምስተኛው ፎቅ ወደ እኔ ወርዷል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብ ያ ጉድ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፀጉሬን በሳሙና አስረግጬ እያሸሁ ነበር። መስኮት የለውም። መብራቱ ድርግም አለ። ወዲያው በራ፤ ደግሞ ጠፋ። የኮሪደሩ በራ፣ የመኝታ ቤቱ ጠፋ፣ የሳሎኑ መጋረጃ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። የውኃ ማፍያው ማንም ሳይነካው መንተክተክ ጀመረ። የውጭው በር ቀጭ ይላል፤ ይከፈታል፣ ይቆለፋል። ሳሙናው ዐይኔ ገባ። በጨለማ መራመድ ምን እንዳመጣብኝ ስለማውቅ የፕላስቲክ በርጩማዬን ዳብሼ ተቀመጥኩና ፎጣዬን ጭኔ ላይ ይዤ ጠበቅሁ።

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃዬ እንደ ዐይን ሽፋን ሲርገበገብ አይታ እየሮጠች መጣች። በሩ ተከፍቶ አስገባትና ከኋላዋ ተቆለፈባት። እኔ መታጠቢያ ቤት፣ እሷ ሳሎን፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየተጠራራን ቆየን። ለልጄ የደወለችው እሷ ናት።

ልጄ ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሏል። ሊቀ ሽቦ ኮምፒውተራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ከኋላዋ ይከተላሉ። ትርምሱን በስልካቸው አስቁመው በሩን ከፈቱ፤ ምክንያቱም እዚያው እንደቆሙ ተነገረ። የማስመሰያውን ቤትና የእኔን ቤት በአንድ መለያና በአንድ የይለፍ ቃል ነበር የከፈቷቸው። ተማሪዎቻቸው በልምምዱ ቤት የሚሰጡት ትእዛዝ ሁሉ እኔም ቤት ይደርስ ነበር። የትኛው ቤት የትኛው እንደሆነ ለእሳቸው ከጠፋቸው ቆይቷል ማለት ነው።

ልጄ ከመታጠቢያ ቤት አውጥታ አለበሰችኝ። ከዚያ ወንበር ስባ ወጣችና ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረደች። አልጋዬ ላይ ከፈተችው። የሹራብ መሳቢያዬን ሳበች። የመጀመሪያው ሹራብ ሻንጣው ውስጥ ሲገባ አፌን ከፈትኩ። ግን ለልጄ መናገር አቃተኝና ወደ ሊቀ ሽቦ ዞርኩ።

“ተማሪዎችህ እኔ ቤት ምን ይሠሩ ነበር?”

“ፈተና ላይ ነበሩ፣ እማማ።”

“ምን የሚሉት ፈተና ነው?”

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከሻንጣው አጠገብ አስቀምጠው ከፈቱት። ቤቴ ነው። መኝታ ቤቴ፣ ኮሪደሩ፣ መታጠቢያ ቤቱ። በርጩማዬ ሳትቀር አለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ሻሽ ያሰረች ትንሽ ሴትዮ ተቀምጣለች፤ ከራሷ በላይ “እማማ” ተብሎ ተጽፏል። የተማሪዎቹ ፈተና እሷን ከአልጋዋ አንሥቶ መታጠቢያ ቤት ማድረስና መመለስ ነው፤ አንዲት እርምጃ እንኳ ጨለማ ውስጥ ሳትረግጥ። ያ ሁሉ መብራት ሲበራና ሲጠፋ የነበረው፣ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው እኔን ላለመጣል ሲራኮት ነው። ውኃ ማፍያውን ያስነሣው ደግሞ አንዱ ተማሪ ነው፤ ስመለስ ሻይ እንዲጠብቀኝ በራሱ ፈቃድ ጨምሮ።

“የጣለኝ የለም?” አልኩ። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

“አንዱ ጥሎዎታል” አሉ። “እኔም ጣልኩት።”

ልጄ ሹራቡን እንደያዘች ጎንበስ ብላ ታያለች። ትንሿ ሴትዮ ከአልጋዋ ተነሥታ ሄደች፤ ቁም ሣጥኑ ጥግ ስትደርስ ቆመች፣ ከዚያ ዞረች። ልጄ እዚያ ጋ ለምን እንደምትቆም ጠየቀች።

“እናትሽ እዚያ ጋ ሲደርሱ ግራ እጃቸውን ሣጥኑ ላይ ያሳርፋሉ” አላት ባሏ። “መብራቱ መምጣት ያለበት ከዚያ በፊት ነው።”

እኔ እንደዚያ እንደማደርግ አላውቅም ነበር። በኋላ ብቻዬን ስሆን ሄጄ ሞከርኩት፤ እጄ ሳላዘው ሣጥኑ ላይ ሄዶ ዐረፈ።

ልጄ ቀና አለች። ገና ቁጣዋ አልበረደም፤ ዛሬ የሆነውን ግን እየው አለችው፣ ተቆልፎባት ቢሆንስ፣ ብትቃጠልስ። እሱም ጥፋቱን አልካደም። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱን ቤት እንደሚለያይ፣ የበሩንም ቁልፍ በእጅ ወደሚዞረው እንደሚመልስ ነገራት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

“ጨለማውን ማንሣት ስንችል እሳቸውን ለምን እናነሣለን?” አላት።

ልጄ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ለእኔ ሳይሆን ለሹራቡ የምትናገር ትመስላለች። “ክረምቱ ይውጣ ብሎ የለመነኝ እሱ ነው፣ እማዬ” አለች። “እኔማ በነጋታው ልወስድሽ ነበር።”

ክረምቱን ሙሉ ዕቃ አስጠቅላይ ስለው የከረምኩት ሰው ካቻቢቴውን ኪሱ ውስጥ ይፈልግ ነበር። ንዴቴ ግን በዚህ የሚጠፋ አልነበረም፤ ሳሙናው እስካሁን ዐይኔን ያቃጥለኛል። ስለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ ተናግሬ በማላውቀው ድምፅ፣ ማብሪያ ማጥፊያዬን ዛሬውኑ ወደ ቦታው እንዲመልስልኝ፣ ከፍሪጄም ላይ እጁን እንዲያነሣ ነገርኩት። ሁለቱንም አደረገ። ልጄም ሹራቡን አጣጥፋ ወደ መሳቢያው መለሰችው።

በማግሥቱ ለኮሪደሩ የቀረውን አምፖል ሊገጥም መጣ። ጣሪያው ከፍ ስለሚል ከጎረቤቴ ከአናጢው መሰላል ተዋሰ። አናጢው ከሰዓት የሚሄድበት ሥራ ነበረውና፣ እንዳይዘገይበት አደራ ብሎ ሰጠው። እሱም አምፖሉን ገጥሞ፣ ወርዶ፣ መሰላሉን አጋድሞ እጁን ሲጠርግ ከማሠልጠኛው ተደወለለት። ያ የወደቀው ተማሪ እንደገና ልፈተን ብሎ በር ላይ ቆሟል። “አንድ ደቂቃ ብቻ፣ እማማ፣ መሰላሉን መጥቼ እመልሳለሁ” ብሎ ወጣ።

ቀን ሲያዘቀዝቅ ከመኝታ ቤቴ ወጣሁ። እግሬ ደፉን ሳያልፍ ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ። በብርሃኑ መሀል የአናጢው መሰላል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። ሰው እንዳልወድቅ ክረምቱን ሙሉ ይደክማል፣ ከዚያ መሰላል አጋድሞልኝ ይሄዳል። ስልኬን አነሣሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ብደውልለት እየሮጠ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ አንድ የሚሠራ ነገር ዐይኑ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

አናጢው በአጥሩ በኩል ተጣራ፤ ሥራው ቀርቶበት፣ መሰላሌስ አለኝ።

“ትንሽ ታገሠው” አልኩት። “ልጄ ያመጣልሃል።”

ይህን ስጽፍ መሰላሉ እዚያው ነው።